በመቀነት የተቋጠረ ክብሪት

ኅዳር 3

ብርድ። ጠዋት ሱቁን ስከፍት የቁልፉ ብረት እጄ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ምንም አልቀረው።

የእማማ አመተሥላሴን ሬዲዮ ጠገንኩ። ጠገንኩ ማለት... የባትሪ ድንጋዩ ተገልብጦ ነበር የገባው። ይህን አልነገርኳቸውም። ፈታሁት፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ "እማማ፣ ይህ ሬዲዮ ብዙ ወሬ ሰምቶ ደክሞታል" አልኳቸው። ደነገጡ። ከዚያ ገጥሜ አናገርኩት። "በነጻ ነው" ስላቸው እኔንም ዘር ማንዘሬንም መረቁ።

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ሰለሞን የትምህርት ቤቱን የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ።

"ጋሽ ፈንታ፣ ይህችን ነገር ቶሎ ይጠግኑልኝ። ከውጭ አገር እንግዳ አለችብን።"

"ቀይ ቀበሮ ልታይ ከሆነ ጓሳ በዚያ በኩል ነው በላት።"

"ወደ እኛ ነው የምትመጣው። ተማሪ ናት። ለልጆቹ ስለ ጤና ልታስተምር፣ በበጎ ፈቃደኝነት።"

"በጎ ፈቃደኝነት ማለት?"

"በነጻ ማለት ነው እንግዲህ።"

በነጻ። ድንበር ተሻግሮ፣ ሞላሌ ድረስ፣ በኅዳር ውርጭ... በነጻ? እኔ ለእማማ አመተሥላሴ በነጻ ስሠራ እንኳ ተንኮል ነበረኝ።

ኅዳር 5

መጣች። ግማሽ ሞላሌ ፈረንጅ ሊያይ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ከአውቶቡሱ የወረደችው ግን ከእኔም የጠቆረች፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበች፣ ጥርሷ የሚንገጫገጭ ልጅ። ናካቶ ትባላለች። ከኡጋንዳ። ነርስነት ነው የምትማረው።

ጎረቤታችን ጠጄ ቅር አላት። "ይህችማ እኛኑ ትመስላለች። ምን ልታስተምረን ነው?"

"አንቺን ዝምታ" አልኳት። የያዘችውን ቆሎ በተነችብኝ።

ምግብ የምትበላው እህቴ ጌታነሽ ቤት ነው። ጠላ ቤቷ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሰለሞን አስማምቶ ነው። አስተርጓሚም ከዚያው ቤት ተገኘ... የጌታነሽ ልጅ፣ ማዕረግ። አሥረኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛዋ ደህና ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እኔን ያስተማረኝ ደግሞ ሬዲዮና ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት።

እንግሊዝኛ እንደምሰማ ግን ለእንግዳዋ አልነገርኳትም። ማዕረግንም "እንዳትነግሪያት" አልኳት። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁና እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። የማልሰማ ከመሰላት ብዙ እሰማለሁ።

ስንት ተማሪ እያለ ለምን ማዕረግ?

ኅዳር 6

እዚህ ላይ ልጻፈው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም።

ማዕረግ ትወድቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ። ደህና ትከርምና አንድ ቀን ድንገት... ትንሽ ድምፅ ታወጣለች፣ አንገቷ ወደ ግራ ይዞራል፣ አውራ ጣቷን በጣቶቿ መሐል ትጨብጣለች፣ ከዚያ መሬት። ጌታነሽ ክብሪት ትጭርና ጭሱን ታሸታታለች። ለዚህ ነው ክብሪት ከመቀነቷ ተለይቶ የማያውቀው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ። ሰው ለምድጃ የያዘችው ይመስለዋል። ይምሰለው።

ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ጸበል የወሰድናት ሰው የማያውቀን አገር ነው። እሳት አጠገብ አናስቀምጣትም፤ አንድ ጊዜ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል።

ከታወቀስ? ያቺን ተማሪ፣ ጥሩሸዋን፣ አይተናታል። ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ በማግስቱ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ለሃጩ ይጋባል ተባለ። ትምህርቷን ተወች። እናቷ የምትጋግረውን ዳቦ የሚገዛ አልተገኘም፤ አገር ለቀው ሄዱ። ጌታነሽ ደግሞ የምትኖረው ሰው አፉን በሚያሳርፍበት ዋንጫ ነው።

እና አሁን የነርስ ተማሪ በየቀኑ ከእኛ መሶብ ትቆርሳለች።

ኅዳር 8

ድምፅ ማጉያውን ላስረክብ በሚል ትምህርት ቤት ሄድኩ። የእጅ መታጠብ ትምህርት ነበር። ናካቶ የከሰል ብናኝ በአንድ ልጅ መዳፍ ላይ ቀባችና "ተጨባበጡ" አለች። ጥቂት ቆይቶ ከሰሉ ያልደረሰበት የለም። የሰለሞን ጉንጭ ሳይቀር።

"እጃችሁ የት የት እንደሄደ አያችሁ?" አለች፤ ማዕረግ በማጉያው ተረጎመች። ማዕረግ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቻት አላውቅም።

ጥሩ ተንኮል ነው። እኔ ባስበው ኖሮ እኮራበት ነበር።

ግን የናካቶ ዓይን የማዕረግ ክንድ ላይ አረፈ። ጠባሳው ላይ። ተመልሶም አረፈ።

ኅዳር 9

ጉድ ሠራሁ።

ምሳ ላይ ናካቶ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ "ክንድሽን ምን አቃጠለው?" አለቻት። ማዕረግ ሽሮውን ማየት ጀመረች። ጌታነሽ ቋንቋው አልገባትም፤ የገባኝ እኔ ነኝ። አፌ ቀደመኝ።

"የብየዳ ካውያ ነው። እኔ ሱቅ ሬዲዮ ስበይድ" አልኩ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ማንም ያልተረጎመልኝን ጥያቄ መለስኩ።

ናካቶ ጉርሻዋን አቁማ አየችኝ። "ጋሼ ይሰማሉ" አለች፤ ከማዕረግ በለቀመችው አማርኛ። ማዕረግ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ላጠምዳት ብዬ ራሴ ገባሁበት። የባሰው ደግሞ... የካውያውን ነገር ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ኅዳር 10

ናካቶ ከትምህርት በኋላ ስልኳን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ትወጣለች። ዛሬ ተከተልኳት። ለማን ነው ወሬ የምታቀብለው? ድንጋይ ጀርባ ተቀምጬ ጆሮዬን ጣልኩ። በአገሯ ቋንቋ ነው የምታወራው። አንድ ቃል አልያዝኩም። በመጨረሻ አለቀሰች። እናቷ መሰለችኝ በወዲያ በኩል ያለችው።

ማታውን ጌታነሽ የበግ ጸጉር ባና ሰጠቻት፣ ብርዱ ጠንቶባታል ብላ። እኔ ማልቀሷን አልነገርኳትም ነበር።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ይነዳል፤ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ናካቶ እያሳለች "ይህ ምንድን ነው?" አለችኝ። መቼም እንደምሰማ አውቃለች።

"እንግዳ የከረመብን እንደሆነ እንዲህ እናጥናለን። ቶሎ እንዲሄድ" አልኳት።

ማዕረግ "አትስሚው" ብላ እውነቱን ነገረቻት። ድሮ ወረርሽኝ ገብቶ ቤት ሙሉ ሰው ሲያልቅ፣ በሽታው በጭስ እንዲለቅ መታጠኑን።

"እንግዲያው እኔ ሳልወለድ ጀምራችሁታል" አለች ናካቶ።

ያን ጊዜ ጠየቅኳት። "እውነቱን ንገሪኝ። ለምን መጣሽ?"

አሰበች። "ለማርክ። ይህን ካልሠራሁ አልመረቅም። ደግሞም አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር።"

ደስ አለኝ። ሰው ለራሱ ብሎ ሲመጣ ይገባኛል። የዓለምን ሕዝብ ልረዳ ብትለኝ ኖሮ ሱቄን በሁለት ቁልፍ ነበር የምዘጋው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ስመለስ ሁለቱ አጥር ጥግ ቆመው ያንሾካሽካሉ። ስደርስ ዝም አሉ። ማዕረግ ከእኔ የምትደብቀው ነገር ኖሯት አያውቅም...

ኅዳር 14

ገበያ ቀን። ጠላ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ናካቶም ጥግ ይዛ ምሳዋን ትበላለች። ማዕረግ ዋንጫ ልታመጣ ጓዳ ገባች። ከዚያ ያቺ ትንሽ ድምፅ።

ጌታነሽ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀምጣ ገባች። ከመጋረጃው ወዲያ እግር መሬት ይመታል። እኔ እሰማዋለሁ፤ ሌላው እንዳይሰማ ምን ላድርግ? ተነሥቼ ፎከርኩ። በጦር ፈንታ ጭልፋ ይዤ። የእማማ አመተሥላሴን ሬዲዮ እንዴት እንደማረክሁት። ወለሉን በእግሬ እየደበደብኩ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ጠጄ እንባዋን ጠረገች። የእኔ ጀርባ በላብ ርሷል።

ናካቶ አልሳቀችም። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ወደ መጋረጃው አየች። የክብሪት ሽታ።

ጌታነሽ ወጣች። "ምድጃው እምቢ ብሎኝ" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ኅዳር 16

ኪዳነ ምሕረት። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰለሞን ደጁ ላይ ቆሞ በማጉያው ተናገረ። የእንግዳዋ የመጨረሻ ትምህርት ወላጆች ባሉበት ይሆናል። ርዕሱ የሚጥል በሽታ። ቃሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ማጉያውን ደህና አድርጌ ነው የጠገንኩት።

የጌታነሽ እጅ ወደ መቀነቷ ሄደ።

ማዕረግን ለብቻዋ ያዝኳት። "ነገርሻት?"

"ስለ ራሴ አንድም ነገር አልነገርኳትም።"

"በኪዳነ ምሕረት?"

"በኪዳነ ምሕረት።"

መሬት መሬት እያየች ነው ያለችው። ግን በኪዳነ ምሕረት ምላ አትዋሽም። ታዲያ ማን? ናካቶ ራሷ ናት። ጠባሳው፣ ሽታው... ደርሳበታለች። ማርኳን በእኛ ልጅ ልትሞላ ነው። ሕዝብ ፊት "ይህችን እዩ" ብትልስ?

ኅዳር 18

አገኘሁት። ትምህርቱን በሳቅ እገድለዋለሁ። ሰው እየሳቀ አይመረምርም፤ ጠላ ቤት አይቼዋለሁ። ለጌታነሽ አልነገርኳትም። "ተው" ትለኛለች።

ኅዳር 19

በተራ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ጠጄ ከፊት። የጤና ጣቢያው አፈወርቅ ከጎኗ። ጌታነሽ ኋላ፣ በሩ ጋ። ናካቶ ትናገራለች፣ ማዕረግ ማጉያውን ይዛ ትተረጉማለች። የአንጎል ሕመም ነው። እርግማን አይደለም። መድኃኒት አለው። አይጋባም። ናካቶ "አይጋባም" ያለችው አንድ ጊዜ ነበር። ማዕረግ ደገመችው።

ስም አልተጠራም። ማንም ተነሺ አልተባለም። ያን ጊዜ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ።

"ሰው ሲወድቅ ምን እንደምናደርግ ላሳያችሁ" አለች ናካቶ። "ማን ይወድቅልኛል?"

ብድግ አልኩ። "እኔ። ጠላ ሳልጠጣ ወድቄ አላውቅም፤ እስቲ ልሞክረው።" ሳቁ። እንደ ሰካራም እየተንገዳገድኩ ወጣሁ። ጠጄ ላይ ልወድቅ ስል ጮኸች። ይበልጥ ሳቁ። አዳራሹ እጄ ገባ።

ያሰብኩት እንደ በግ እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ ልወድቅ ነበር። ግን አወዳደቅ ሲባል የማውቀው አንድ ብቻ ኖሯል። ያቺ ትንሽ ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣች። አንገቴ ወደ ግራ ዞረ። አውራ ጣቴን ጨበጥኩ። እግሬ ወለሉን መታ። ዕድሜዬን ሁሉ የሹሙን አካሄድ፣ የቄሱን ሳል ሳስመስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህንን ግን መቼ አጠናሁት?

ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ሩጫ፣ ከበሩ በኩል። ራሴ ጭን ላይ ወጣ። ክብሪት ተጫረ። ጭሱ አፍንጫዬ ገባ። "ማዕዬ... ማዕዬ፣ አለሁልሽ፣ አለሁልሽ..." ጌታነሽ ናት። ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው፤ የምታየው ግን እኔን አይደለም።

"እትዬ" አልኳት በቀስታ።

ያን ጊዜ አየችኝ። ክብሪቱ ጣቷን እስኪለበልባት አልጣለችውም።

የሰው ፊት ሁሉ ወደ ማዕረግ ዞረ። ማጉያውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ኅዳር 20

ጠላ ቤት የመጣ የለም።

ኅዳር 22

ጠላው ኮመጠጠ፤ ጌታነሽ ደፋችው። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማዕረግ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ጓዳ ናት። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ አስመሰልኩ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስቃታል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ተወኝ" አለች።

ተውኳት።

ኅዳር 23

ናካቶ ሄደች። ሻንጣዋን እኔ ነኝ የተሸከምኩት፣ መንገድ ላይ ልወቅሳት አስቤ።

"አይተሻት ነው ያን ርዕስ የመረጥሽው፤ አይደለም?"

"ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ጠባሳው። የክብሪቱ ሽታ። ግን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የእኔ የመጨረሻ ርዕስ ጥርስ ነበር።"

"ታዲያ ማን?"

"ማዕረግ። 'ለአንዲት ጓደኛዬ ነው፤ ወላጆች ባሉበት አስተምሪልኝ' ብላ ለመነችኝ።"

ሻንጣውን አስቀመጥኩ።

አጥር ጥግ ያንሾካሾኩት ይህን ነው። ስለ ራሷ አንድም አልነገረቻትም፤ አልዋሸችኝም። እኔ እስከ ኡጋንዳ ድረስ ስጠረጥር... ልጅቱ በራሷ አፍ "አይጋባም" ልትለን ፈልጋ ኖሯል። ለጠጄ። ለእናቷ። ለእኔ። ማንም ሳያውቅባት። እኔ ቀልዴን ይዤ ገባሁበት።

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ናካቶ ባናውን ልትመልስ ብትል አልተቀበልኳትም። "ጤና ጣቢያው ውስጥ ኪኒኑ አለ" አለችኝ። "አፈወርቅን ጠይቄዋለሁ። ጋሼ ይሰማሉ?"

እሰማለሁ አልኳት።

ኅዳር 25

ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሦስታችን። ይህን ሁሉ ዓመት ያልሄድነው ወረፋውን ፈርተን ነበር፣ ሰው ያየናል ብለን። አሁን የምንደብቀው ምን ቀረ? አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አንዷ ሴትዮ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ጌታነሽ አየቻት። ማዕረግም።

አፈወርቅ ብዙ ጠየቀ። ስትወድቅ እንዴት ናት? ጌታነሽ እጇን መቀነቷ ላይ አደረገች። ወደ እኔ ዞረ። "የእርስዎን አወዳደቅ አዳራሽ ውስጥ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል" አለ። የማዕረግ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነበር?

ኪኒኑ በየቀኑ ነው፤ ተሻለኝ ብሎ መተው የለም። "ክብሪቱን ደግሞ ይተዉት" አላት ጌታነሽን። "በጎኗ ያስተኟት፣ ራሷ እንዳይመታ ያድርጉ፣ አጠገቧ ይሁኑ።" እሺ አለች። ክብሪቱን ግን ከመቀነቷ አልፈታችውም።

ታኅሣሥ 4

ማዕረግ ትምህርት ጀመረች። ዴስኩ ላይ ብቻዋን ናት። "እንደ ሹም ሰፍቶኝ ነው የምቀመጠው" አለችኝ። ቀልዱ የእኔ ዓይነት ነው። ልስቅ አልቻልኩም። ግን አናገረችኝ።

ታኅሣሥ 11

ጠጄ ጠላ ቤት መጣች። "ቅጂልኝ" አለች። ዋንጫውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። እያየኋት እንደሆነ አየች። ጨለጠችው።

"ቀጥኗል ጠላሽ" አለቻት ጌታነሽን።

ምን ፈልጋ መጣች? አይታ ልታወራ ነው? ታውራ። ጠጣሁ ብላ ታውራ።

ጥር 7

ሥላሴ።

ጌታነሽ ጠዋት ክብሪት ከጠጄ ተዋሰች። የራሷን ትናንት የጠላው ጋን ሥር ረስታው እርጥበት በልቶታል። ክብሪት ረሳች... ጌታነሽ። አላሳሰብኳትም።

ማዕረግ ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ የወደቀችው አንድ ጊዜ ነው፤ ባለፈው ሳምንት፣ ክፍል ውስጥ። ግማሹ ልጅ ሮጦ ወጣ። ወለተኪዳን የምትባል ልጅ በጎኗ አስተኛቻት። ከዚያ ወዲህ ዴስኩ ላይ ሁለት ሆነዋል። ልጅቱን ምን ፈልጋ ነው ብዬ ልጠረጥራት ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ከሰዓት በኋላ ማዕረግ ሱቅ መጣች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትቀልድ።"

"መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

"ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ፣ ገና ድምፁን ስታወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አላየሁህም። እናቴ አይታዋለች፣ አንተ አይተኸዋል፣ ወለተኪዳን አይታዋለች። ጠጄ እንኳ አይታዋለች። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።"

"ምኑን?"

"ስወድቅ። አሳየኝ።"

ካውያውን ነቀልኩ። ወለሉ ላይ የተበተነውን ብሎን በእግሬ ገፋሁ። ተኛሁ። ድምፁን፣ አንገቷን፣ አውራ ጣቷን፣ እግሯን። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ስጨርስ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያየሁ ቀረሁ። ፊቷን ማየት ፈራሁ።

"በቃ?" አለች።

"በቃ።"

"ይህችን ነው ዕድሜ ልኬን የደበቃችሁኝ?"

ጎንበስ አለች። ትከሻዬን ይዛ በጎኔ ገለበጠችኝ። ሹራቧን አውልቃ ከራሴ ሥር አደረገችው፣ አንገቴን አስተካከለች፣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ቀጥሎ የሚደረገው ይህ ነው" አለችኝ። "ያን ቀን ሳላሳይ ነው የወጣሁት።"

ወለሉ ይበርዳል። ተነሥ እስክትለኝ ድረስ ተኛሁላት።